በራ ጠፋ የሚለው መብራት፦ አሮጌ ስፖርት መኪና ለምትነዱ ልጆቼ

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ ልጅ ደወለችልኝ። የ1999 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ አላት። "ጋሼ፣ የቼክ ኢንጂኑ መብራት ሰሞኑን ሲበራ ቆይቶ በራሱ ጠፋ። ተሻላት ማለት ነው?" አለችኝ። ቼክ ኢንጂን የሚባለው ኮምፒውተሩ ሞተሩ ላይ ችግር ሲያይ ዳሽቦርዱ ላይ የሚያበራው መብራት ነው። ይህን የምጽፍላችሁ በእሷ ጥያቄ ምክንያት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አንድ ልጅ ይህንኑ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። የተሰጠው መልስ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። አርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ አንድ ጋራዥ ገና ተቀጥሬ ጎማና ዘይት እቀይራለሁ። ልጁ የአገራችን ልጅ ነው። ቀን ይማራል፣ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል። ከዚያች ደሞዙ እየቆጠበ የ1991 ሞዴል ቶዮታ ኤም አር ቱ ገዛ። ቀይ ናት። ሞተሯ ከወንበሩ ጀርባ ነው፤ የፊት ኮፋኖዋን ስትከፍቱ የምታገኙት ስኮርታ ጎማ ነው። ልጁ ስለ እሷ ሲያወራ ዓይኑ ይበራ ነበር።

መብራቱ የሚበራው 395 አውራ ጎዳና ላይ ገብቶ ነዳጅ ሲሰጣት ነው። ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ትኩሳቱ የሚለቀው በሽተኛ አለ አይደል? ልክ እንደዚያ።

ያቺ መኪና ከ1996 ሞዴል ወዲህ እንደመጡት በስካነር፣ ማለትም የችግር ኮድ በሚያነብ መሣሪያ፣ አትነበብም። ሞተሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ትከፍታላችሁ። ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ታገናኛላችሁ። ቁልፉን ስታዞሩ የዳሽቦርዱ መብራት ራሱ ይቆጥርላችኋል። ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ ትንሽ ፋታ፣ አንድ ጊዜ ብልጭ። ኮዱ 21 ነው። 21 ማለት ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከሚለካው ከኦክስጅን ሴንሰሩ የሚመጣው ምልክት ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ።

ዋናው መካኒክ ሴንሰሩን ቀየረው። ልጁ ከፈለ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። የአየር መለኪያውን ቀየሩለት። አሁንም ከፈለ። እንደገና በራ። ቀጥሎ "ኮምፒውተሩ ሳይሆን አይቀርም" ተባለ። ልጁ "እባካችሁ አንድ ሰው አብሮኝ ይንዳ፣ ሲበራ ታዩታላችሁ" ብሎ ለመነ። "ጊዜ የለንም። ከጠፋ ተሻላት ማለት ነው፣ ዝም ብለህ ንዳት" አሉት። እኔ አዲስ ገቢ ነኝ፣ ጎማ ይዤ ቆሜያለሁ። ፊቱን አየሁት። በወሩ ሸጣት። የገዛበትን ግማሽ እንኳ አላገኘባትም።

የገዟት አዛውንት አሜሪካዊ ናቸው። በኋላ ለማርሚታ ሥራ እዚያው ጋራዥ ይዘዋት መጡ። መብራቱ አሁንም ይበራል ይጠፋል። ያን ጊዜ እኔም መልቲሜትር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ መያዝ ጀምሬያለሁ። በምሳ ሰዓት አስፈቅጄ የሴንሰሩን ሽቦ ለካሁ። ሞተር ሲሞቅ የጤነኛ ሴንሰር ቁጥር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ባለው መሀል እየወጣ እየወረደ ይጫወታል። ይጫወትም ነበር። ባልደረባዬ ፍሬን ይዞ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ሲለቅ ሞተሩ ተንገጫግጮ ዘመም አለ። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ድርቅ! ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ተመለሰ። ደጋግመን አየነው።

ሽቦውን በጣቴ ተከተልኩት። አንድ የብረት ማቀፊያ ላይ የሚታጠፍበት ቦታ ፕላስቲኩ ተፍቆ አልቋል። የጥፍር ስፋት እንኳ በማይሞላ ቦታ መዳቡ ይታያል። የሞተር መያዣው ጎማ አርጅቷል። ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሩ ይወዛወዛል፣ መዳቡ ብረቱን ይነካል፣ ምልክቱ ኮምፒውተሩ ጋ ሳይደርስ በብረቱ በኩል ይጠፋል። ቆማ ስትታይ ግን ምንም የሚነካ ነገር የለም። ሽቦውን በይጄ፣ ሸፍኜ፣ ከብረቱ አራቅኩት። መያዣውም ተቀየረ። አዛውንቱ ዘይት ለመቀየር በመጡ ቁጥር እጠይቃቸው ነበር፤ መብራቱ አልተመለሰም።

ልጁን ፈለግኩት። ስልኩ ተቀይሯል። ሌላ ስቴት ሄዷል አሉኝ። ያቺ መኪና ደህና እንደነበረች ሳይሰማ ቀረ። ይህ ነው የሚቆጨኝ።

አዲስ አበባ ሳለሁ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሽያን አውቅ ነበር። መሣሪያው ሁለት ሽቦ የተበየደበት አምፖል ብቻ ነው። ከመክፈቱ በፊት ባለመኪናውን ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል። መቼ ጀመረ? ዝናብ ነበር? ጉድጓድ ላይ ነው ወይስ ዳገት ላይ? ግማሹን ሥራ በጥያቄ ይጨርሰዋል። አምፖሉን ግን ኮምፒውተር ያለበት ሽቦ ላይ እንዳትሞክሩት። የሚስበው ከረንት ይበዛል፣ ያቃጥልባችኋል።

እናንተ የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ስልካችሁ ላይ ኮድ ታያላችሁ፣ እቃው ማታውኑ ይታዘዛል። መቸኮልን ለወጣት ብቻ መስጠቴም ልክ አይደለም። ያኔ የቸኮሉት ትልልቆቹ ነበሩ፤ ልጁማ አብራችሁኝ ንዱ ብሎ ለምኗል። ስካነር አትግዙ እያልኩም አይደለም። ርካሹም ቢሆን ይኑራችሁ፣ እኔም ያለ እሱ ከቤት አልወጣም።

ለሚያታዋ ልጅ ያልኳት ይህን ነው። ከ1996 ሞዴል ወዲህ ባሉት መኪኖች ብዙው ችግር መብራቱን የሚያበራው በሁለት ተከታታይ ጉዞ ሲታይ ነው። በሦስት ተከታታይ ጉዞ ካልታየ መብራቱ ይጠፋል። ኮዱ ግን ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ሞቆ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ውስጥ ይቀመጣል። አብሮትም ችግሩ በተመዘገበባት ቅጽበት የነበረው ፍጥነት፣ የሞተር ዙርና ሙቀት አለ። ይህ ወርቅ ነው። በስካነሩ "አጥፋ" የሚለውን ስትጫኑ እሱም አብሮ ይጠፋል። ደግሞ ሰሜን ቨርጂኒያ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት ላልበለጠ ብዙ መኪኖች በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ። ኮድ አጥፍታችሁ በማግስቱ ብትሄዱ ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ ስላልጨረሰ ይመልሷችኋል።

ስለዚህ ጻፉ። ስልካችሁም ላይ ይሁን፣ ጻፉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሞቋል? ስንተኛ ማርሽ? ነዳጅ ስትሰጡ ነው ስትለቁ? በዋዜማው ዝናብ ዘንቦ ነበር? የነዳጅ ክዳኑን በደንብ አጥብቃችኋል? አሮጌ መኪና ላይ ሽቦው ይደርቃል፣ የአየር ቱቦው ይሰነጠቃል፣ ሶኬቱ ይዝጋል። እነዚህን በእጅ እያነቃነቁ ማየት እቃ ከመቀየር ይቀድማል። ወደ ጋራዥ ስትሄዱ መካኒኩ አብሯችሁ እንዲነዳ ጠይቁ። እምቢ ካለ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።

ዘይት ቀይሩ፣ ባትሪ እዩ እያልኩ አላደክማችሁም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መብራቱ ሳይርገበገብ ከበራ፣ ሙቀቱና የዘይት ግፊቱም ደህና ከሆነ፣ ቀስ ብላችሁ ቤት መግባት ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነዳጅ ሳይቃጠል ወደ ማርሚታው እያለፈ ነው፤ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር አግሎ ይጨርሰዋል። እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ፣ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉና ጎታች መኪና ጥሩ።