አንዱን ቤት ስነካ ጎረቤቱ ይከፈታል

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። በጃቫስክሪፕት ማይንስዊፐር መሰል ጨዋታ (የተከፈተው ቤት በጎረቤቶቹ ውስጥ ስንት ፈንጂ እንደተደበቀ የሚናገርበት) እየሠራሽ ነው፤ ሰሌዳው ግን እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ቤቶች ነው። በየሁለተኛው ረድፍ የፈንጂ ቆጠራው ይዛባል። ቤቱን ጠርዙ አካባቢ ስትነኪው ደግሞ ጎረቤቱ ይከፈታል።

ቤቶቹን በረድፍና በአምድ እንዳስቀመጥሻቸው ጽፈሻል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው አድርጌ ሦስት ቀን አቃጥያለሁ። ጎዶሎ ረድፎች ግማሽ ቤት ወደ ቀኝ ይገፋሉ። ስለዚህ ከላይ በስተቀኝ ያለው ጎረቤት በአንዱ ረድፍ አምዱ ያው ነው፣ በሌላው አንድ ይጨምራል። አንድ የጎረቤት ሰንጠረዥ ለሁለቱም አይሠራም። ሁለተኛ መጨመር ይቻላል፤ ግን አልመክርሽም። ነገ ርቀት ልቁጠር ስትዪ እዚያው ጣጣ ውስጥ ትገቢያለሽ።

ይልቅ ለእያንዳንዱ ቤት ቀ እና ረ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ስጪው። ረ ያው ረድፉ ነው። የቀ መስመር ግን ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ ይወርዳል። ስድስቱን ጎረቤቶች ለማግኘት በ(ቀ፣ ረ) ላይ የሚደመሩት የትም ቦታ እነዚህ ናቸው፦ (+1፣ 0)፣ (+1፣ −1)፣ (0፣ −1)፣ (−1፣ 0)፣ (−1፣ +1)፣ (0፣ +1)። በቃ፣ ጎዶሎ ምናምን የለም። ኔጌቲቭ ቁጥር ስለሚመጣ ከአሬይ (ከዜሮ ጀምሮ በተራ ቁጥር ከሚደረደር ዝርዝር) ጋር አትታገዪ፤ ቁልፉ «2፣−1» የሆነ ማፕ (እያንዳንዱን ቤት በራሱ ቁልፍ የሚያስቀምጥ) ይሻልሻል። ከመሀል በየአቅጣጫው አራት ቤት የሚሄድ ሰሌዳ 61 ቤት ይሆናል። ለስልክ ይበቃል።

ስትስዪ፣ ሹል ጫፉ ወደ ላይ ከሆነ፣ ከቤቱ መሀል እስከ ጥጉ ያለውን ርቀት «መጠን» በዪው። ከ(0፣ 0) ቤት መሀል ሲለካ፣ የቤቱ መሀል አግድሙ መጠን × 1.732 × (ቀ + ረ÷2) ነው። ቁልቁሉ መጠን × 1.5 × ረ።

ጣት ሲነካ ይሄንኑ ገልብጪው፦ ረ = ቁልቁል ÷ (መጠን × 1.5)፣ ቀ = አግድም ÷ (መጠን × 1.732) − ረ÷2። ስህተትሽ የሚመስለኝ ከዚህ በኋላ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ወደ ሙሉ ቁጥር ካጠጋጋሻቸው ጠርዝ ላይ ይስታሉ። ሦስተኛ ቁጥር አምጪ፦ ሰ = −ቀ −ረ። የሦስቱ ድምር ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ለምሳሌ ንኪው 1.45፣ 0.35፣ −1.8 ላይ አረፈ እንበል። ሲጠጋጋ 1፣ 0፣ −2 ይሆናል፤ ድምሩ −1፣ ተበላሸ። በጣም የተንቀሳቀሰው ማነው? ቀ፣ በ0.45። እሱን ጣዪውና ከሁለቱ አውጪው፦ ቀ = 2። ትክክለኛው ቤት (2፣ 0) ነው። የአንቺ ኮድ (1፣ 0)ን ነበር የሚከፍተው።

ይሄን አስተካክለሽም ስልክ ላይ ከሳተ፣ በነካሽበት ቦታ ቀይ ነጥብ ሳዪ። ነጥቡ ከጣትሽ ርቆ ካረፈ ችግሩ ሒሳቡ አይደለም። ካንቫሱ (ሰሌዳው የሚሳልበት ቦታ) በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ተለጥጦ ይሆናል፤ ንኪውን በስክሪን ላይ ባለው ስፋት አካፍለሽ በካንቫሱ የራሱ ስፋት አባዢው። ቁመቱንም እንደዚያው።