ባሕር ላይ የቀረው ልጅ አምላኩን ተፈታተነ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። የጎረቤታችን ልጅ በሊቢያ በኩል አውሮፓ ሊገባ ተሳፍሮ ባሕር ላይ ቀረ። መርዶው የመጣው አብሮት ተሳፍሮ የተረፈ ልጅ ደውሎ ነው። እናቱ ከዚያ በፊት ሊቢያ ላሉ ደላሎች ማስለቀቂያ ብላ ተበድራ ልካለች። ለቅሶ ቤት ግን «ማን ሂድ አለው? እያወቀ ነው የገባበት» የሚል ወሬ ሰማሁ። የጽዋ ማኅበራችን አንዲት እናት ደግሞ «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው ተብሏል፣ ራሱን እንዳጠፋ ነው፣ ፍትሐት አይገባውም» አሉ። እኔም እነዚያን ጀልባዎች በቴሌቪዥን ሳይ «ምን አስቸኮላቸው» እል ስለነበር መልስ አጣሁ። እውነት ፍትሐት አይደረግለትም?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አጭሩን ላስቀድም። ፍትሐት ይደረግለታል። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት የምትከለክለው ሆን ብሎ፣ እያወቀ ነፍሱን ላጠፋ ሰው ነው። ይህ ልጅ ጀልባው ላይ የወጣው ሊኖር ነው። አስከሬኑ አለመገኘቱም ጸሎቱን አያስቀርም። ሥርዓቱን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ አልደግመውም።

እኔን ያሳሰበኝ ጥቅሷ ናት። በየለቅሶው ሰምቻታለሁ። ዓረብ አገር ሄዳ ለሞተች ልጅ ትጠቀሳለች። ከኦቦክ ተነሥቶ የመን ሳይደርስ ለሰጠመም ትጠቀሳለች። ጥቅሷ ግን የማን መልስ ነበረች? ጌታችን ለሰይጣን የመለሳት ናት። ሰይጣን ከመቅደሱ ጫፍ አቁሞት «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ሲለው፣ ከኋላ የሚያሳድድ አልነበረም። ታች የሚጠብቅ እንጀራም አልነበረም። እስቲ ያድንህ እንደሆነ እንይ ነው ነገሩ። እግዚአብሔርን መፈታተን ይህ ነው። ሥራ አጥቶ፣ ወይም ጦርነት ሸሽቶ፣ ወይም እናቴን ላሳርፍ ብሎ የተሻገረ ልጅ አምላኩን ሊፈትን አልወጣም። ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ስሕተትና ክሕደት ግን አንድ አይደሉም።

ስለ ባሕርና ስለ መርከብ መጽሐፍ ምን ይላል ካልሽ፣ የሐዋርያት ሥራ 27ን እና 28ን አንብቢ። ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ በመርከብ ወደ ሮም ሲወሰድ «ይህ ጉዞ አደጋ አለው» ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። እስረኞቹን የሚወስደው መቶ አለቃ ግን የመርከቡን መሪና ባለቤት ሰማ። (መርከቡ ከተንቀሳቀሰ የሚከፈለው ማን እንደሆነ አስቢው። ዛሬም ከደላላ ጋር ተማክሮ የሚነሣ አለ።) ማዕበሉ መጣ። መርከቡ ላይ 276 ነፍስ ነበር። ያኔ ጳውሎስ «ብትሰሙኝ ኖሮ» አለ፣ አልካድኩም። ግን ይህን ያለው እዚያው መርከብ ላይ ሆኖ፣ እሱም ከእነርሱ ጋር እየተናወጠ ነው። ወዲያውም «አይዟችሁ» አላቸው። ደረቅ ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ቡና እየጠጣ «ማን ሂድ አለው» ከሚል ሰው ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ልብ በይ። መርከቡ ተሰባብሮ የወጡባት ደሴት መላጥያ ናት፣ ዛሬ ማልታ የምንላት። የልጆቻችን ጀልባ የሚያልፍበት ያው ባሕር ነው። የደሴቲቱ ሰዎች ዝናብና ብርድ ስለነበር እሳት አንድደው ሁሉንም ተቀበሉ። ወታደሩ ማን፣ እስረኛው ማን ብለው አልጠየቁም። ግን ከእሳቱ መካከል እፉኝት ወጥታ ጳውሎስን ስትነድፈው ሐሳባቸው ተገለበጠ። «ይህ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ከባሕር ቢያመልጥም ፍርድ አልለቀቀውም» ተባባሉ። መከራ የደረሰበትን ሁሉ የተፈረደበት አድርጎ ማየት ያኔም ነበር ማለት ነው። ጌታም የሰሊሆም ግንብ ስለወደቀባቸው 18 ሰዎች ሲያነሣ፣ ከሌላው የባሱ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቆ፣ አይደለም ብሎ ራሱ መልሷል።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ስለ ክርስትናቸው የገደላቸውን ወገኖቻችንን ታስታውሺያለሽ። የቂርቆስ ልጆች ነበሩባቸው። ስንት ሰው መስቀል አደባባይ ወጥቶ አለቀሰ! ሰማዕታት አልናቸው፣ ይገባቸዋልም። ግን የሄዱበት መንገድ የትኛው ነበር? ያው ሱዳን፣ ያው በረሃ፣ ያው ሊቢያ፣ ከፊት ያው ጀልባ። ከገዳዮቹ በፊት ባሕሩ አግኝቷቸው ቢሆን ኖሮ፣ ይኸው አፋችን «ምን አስቸኮላቸው» ይል ነበር። ባሕር የበላው ሁሉ ሰማዕት ነው እያልኩ አይደለም። ለአንዱ መንገደኛ ጧፍ አብርተን ሌላውን በሐሜት እንዳንቀብረው ብዬ ነው።

ይህ ነገር መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ላምፔዱዛ አጠገብ ከ360 በላይ ሰው ሲያልቅም ታይቷል። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ሦስት ቀን ቆይቶ ጾመ ጽጌ ገባ። እመቤታችን ልጇን አዝላ መሰደዷን እያሰብን የምንጾምበት፣ ሌሊቱን ቆመን የምናድርበት ጊዜ ነው። ሌሊት ስደቷን ዘምሮ፣ ቀን ስደተኛ የሚያማ ሰው ጾሙን እንዴት እንደሚፈታው አላውቅም።

ደግሞም እኛን ማን አጠመቀን? አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጢሮስ በመርከብ የመጣ ልጅ ነበር። የመርከቡ ሰዎች ተገድለው ከወንድሙ ጋር የተረፈ ነው። አክሱም «ማን ና አለህ» ብትለው ኖሮ የመጀመሪያው ጳጳሳችን ማን ይሆን ነበር? በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ከመካ ሸሽተው ቀይ ባሕርን የተሻገሩትን ሙስሊሞች ክርስቲያኑ ንጉሥ ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ አልሰጠም። በ2007 የየመን ጦርነት ሲነሣ በጀልባ ጅቡቲ ገብተው እኛ ከተማ ድረስ የመጡ አሉ። የኛ ልጆች ወደዚያ በሚሻገሩበት ባሕር እነርሱ ወዲህ ተሻገሩ። ሃይማኖቱ ሌላ ነው ብለሽ አታሳልፊያቸው።

ወጣቶች ይህን አንብበው መምህር ሂዱ አለ እንዳይሉ፣ አትሂዱ እላለሁ። በሰው ልጅ የሚነግድ ደላላ ቢጾምም ቢያስቀድስም ንስሐ እስኪገባ እጁ ደም አለበት። ይህን ቃል ግን ለቆመው እንጂ ለሞተው አልናገርም። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ላይ ተቀምጫለሁ። ጠረጴዛ ላይ ከስልክ ተወስዶ የታተመ ፎቶ አለ። እናትየው በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች፣ ምናልባት ስም ተሳስተው ይሆናል ብላ። እዚህ ፊት «እሷ ናት ብሩን የላከችው» ይባላል! ልጅዋ ሲገረፍ በስልክ እያሰሟት ብር አምጪ የተባለች እናት ምን ታድርግ?

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ስመ ክርስትናውን ከእናቱ ጠይቀሽ፣ ለንስሐ አባቷ ንገሪና ፍትሐቱ ይፈጸም። ማኅበርተኛሽን በሰው ፊት አትመልሺባቸው፣ እናት ናቸው፣ ለብቻቸው ሐዋርያት ሥራ 28ን አንብቢላቸው። ተዝካሩ ላይ ግን ጠንከር በሉ። ድንኳን ተጥሎ፣ ተበድራ ታብላ የሚል ሰው ከመጣ አትስሙት። ለነዳያን በአቅሟ ትዘክር፣ ይበቃል። ማኅበሩ ለድግስ ሊያዋጣ ያሰበውን ሰብስቦ ለማስለቀቂያ ከተበደረችው ላይ ይክፈልላት።