«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ለልጄ ማጥኛ ብዬ ከአንድ ቢሮ የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁ። ዋይፋይ ስለማይቀበል ሳሎን ካለው ራውተር እስከ ልጄ መኝታ ክፍል ድረስ ኬብል አዘረጋሁለት። ስልኮቻችን በዋይፋይ ደህና ይሠራሉ። ኮምፒውተሩ ግን ኬብሉ ሲሰካ ከኋላው መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል እንጂ ኢንተርኔት የለውም። የሠፈራችን ጠጋኝ «ፎርማት መደረግ አለበት» አለኝ። ልጄ የ12ኛ ክፍል ማስታወሻዎቹ ውስጡ ስላሉ እሺ አላለም። ምን ይሻለናል?
— የሰሚት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ እሺ አለማለቱ ደግ አደረገ። በእኛ ሙያ «ፎርማት»፣ ማለትም ውስጡን ሁሉ ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ የማይታዘዝለት በሽታ የለም። ኮምፒውተሩ ቢንቀራፈፍ ፎርማት፣ ድምፁ ቢጠፋ ፎርማት።

የሚገርመው፣ እናንተ ቤት ፎርማቱ ሊሠራም ይችል ነበር። ጠጋኙ ዋሽቶ አይደለም። ግን ለምን እንደሚሠራ ቢያውቅ ኖሮ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው፤ ማስታወሻዎቹም አይነኩም።

ስልኮቻችሁ በዚያው ራውተር የሚሠሩ ከሆነ ከውጭ የሚመጣው መስመር ደህና ነው። ከኮምፒውተሩ ኋላ ኬብሉ የሚሰካበት ቦታ ላይ መብራቱ ብልጭ ማለቱ ደግሞ ኬብሉ ቢያንስ በሕይወት እንዳለ ይነግረናል። እኔን የጠቆመኝ «ከቢሮ የወጣ» ያሉት ነው።

ብዙ ቢሮዎች ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አድራሻ፣ ማለትም አይፒ፣ በእጅ ይሞላሉ። ኮምፒውተሩ ሲሸጥ ያንን የሚያጠፋለት ሰው የለም። እናንተ ቤት ሲመጣ የድሮ ቀበሌውን መታወቂያ ይዞ አዲስ ሠፈር እንደገባ ሰው ነው። የቤት ራውተር አብዛኛውን ጊዜ በ192.168.1 ወይም በ192.168.0 የሚጀምር አድራሻ ነው የሚያድለው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ለምሳሌ በ10 የሚጀምር የቢሮ አድራሻውን ይዞ ድርቅ ይላል። ሁለቱ አይተዋወቁም። ፎርማት ይህንን የድሮ አድራሻ ከሌላው ነገር ሁሉ ጋር ጠርጎ ስለሚያጠፋ «ዳነ» ይባላል።

ልጅዎ እንዲህ ያድርግ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብቶ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ኢተርኔት» የሚለውን ይክፈት። እዚያ «አይፒ» ከሚለው መስመር ጎን «ማኑዋል» የሚል ካገኘ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። የነበሩትን ቁጥሮች ለማንኛውም በስልኩ ፎቶ ያንሳቸው። ከዚያ «ኤዲት» ብሎ ወደ «አውቶማቲክ» ይቀይረው። ከሥሩ ያለውን «ዲኤንኤስ» የሚለውንም እንዲሁ። እግረ መንገዱን እዚያው ያለውን «ፕሮክሲ» አይቶ በማኑዋል የተከፈተ ነገር ካለ ያጥፋው። እሱም የቢሮ ቅርስ ነው።

ሁሉም ቀድሞውኑ አውቶማቲክ ሆኖ ከተገኘስ? ያኔ እዚያው ገጽ ላይ አድራሻውን ይመልከት። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ራውተሩን አድራሻ ጠይቆ መልስ ስላጣ ለራሱ የፈጠረው ቁጥር ነው። ራውተሩን አጥፍታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ አብሩት። ካልሆነ ኬብሉ ከራውተሩ በኩል የተሰካበትን ፖርት ለውጡ፤ አንዳንዱ ፖርት ለቴሌቪዥን የተመደበ ሊሆን ይችላል።

አሁንም እምቢ ካለ ኮምፒውተሩን ተሸክማችሁ ሳሎን ውሰዱትና ከራውተሩ ጋር በካርቶኑ በመጣችው አጭር ኬብል አገናኙት። ስንፍና ሆኖብን ነው እንጂ ከዚህ የሚበልጥ ምርመራ የለም። ሳሎን ሠርቶ መኝታ ክፍል ካልሠራ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። የኮንዶሚኒየም ኬብል መሞቻው በር ሥር ነው። በሩ በተዘጋ ቁጥር ይጨፈለቃል። ቀጥሎ ጫፉ ላይ ያለችውን ጥርት ያለች ፕላስቲክ ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ። ስምንት ባለቀለም ሽቦዎች እስከ ጫፉ ደርሰው መታየት አለባቸው። አንዱ አጥሮ ወደኋላ ከቀረ ወይም የምትቆልፈው ምላስ ከተሰበረች ጫፉ ብቻ ተቆርጦ በአዲስ ይተካ። አዲስ ኬብል ከገዛችሁ ደግሞ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። ለበር ሥር አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከደሴ ነው የምጽፍልህ። ኬብሉም ምልክቱም ደህና ነው፣ ግን የምከፍተው ድረ ገጽ ሁሉ «ግንኙነትህ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይመልሰኛል። መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ይዛባል፤ እኔም 2018 ብዬ አስተካክለዋለሁ። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም፣ ወንድሜ። 2018ቱ ነው። የእኛ 2018 ለዊንዶውስ የፈረንጅ 2018 ነው፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ወሰድከው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት የምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተርህ ገና ያልተሰጠ ወረቀት የቀረበለት ስለሚመስለው አልቀበልም ይላል። ሰዓቱንም በእኛ «ጠዋት 3» ብለህ ሞልተኸው ከሆነ እሱንም 9 አድርገው።

ቀኑ የሚዛባው ደግሞ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ስላለቀች ነው። ሲአር2032 ብለህ ጠይቅ። ከመፍታትህ በፊት ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀለው፤ ባትሪዋ የመደመር ምልክት ያለበት ፊቷ ወደላይ ይሁን። ከዚያ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አንዴ በእጅህ አስተካክል። ልዩነቱ የዓመታት ሲሆን ዊንዶውስ በራሱ ለማስተካከል እምቢ ሊል ስለሚችል ነው። ቀጥሎ አውቶማቲኩን ክፈተው። የሰዓት ክልል ሲጠይቅህ ዝርዝሩ ላይ አዲስ አበባን ፈልገህ እንዳትደክም። «ናይሮቢ» የሚለውን ምረጥ።