«ፌር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ውድ እህታችን፣ ከባንክ የደረስዎት ደብዳቤ የብድር ታሪክዎን «ፌር» ብሎ እንደገለጸው፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ ነርሷ ሆስፒታል የተኛው ወንድምዎ «ፌር ኮንዲሽን» ላይ እንደሚገኝ እንደነገረችዎት ጽፈዋል፤ ቃሉን «ፍትሐዊ» በሚል ብቻ ስለሚያውቁት ሁለቱም ግራ አጋብቶዎታል። እዚህ አሜሪካ በሆስፒታሎችና በማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮዎች ለአማርኛ ተናጋሪዎች ለዓመታት ሳስተረጉም ይህ አጭር ቃል ብዙ ሰው ሲያደናግር አይቻለሁና የማውቀውን ላካፍልዎ።

በሁለቱም ቦታ ቃሉ የደረጃ መጠሪያ ነው፤ መካከለኛ፣ መጥፎ የማይባል ማለት ነው። የብድር ታሪክን በነጥብ የሚያስቀምጠው ፋይኮ መለኪያው ከ300 እስከ 850 ሲሆን፣ ከ580 እስከ 669 ያለውን «ፌር»፣ ከዚያ በታች ያለውን «ፑር» (ደካማ)፣ ከ670 ጀምሮ ያለውን «ጉድ» (ጥሩ) ይለዋል። ስለዚህ ደብዳቤው የሚነግርዎት ብድር የማግኘት ዕድል ቢኖርዎትም ወለዱ ከፍ ሊልብዎት እንደሚችል ነው።

የሆስፒታሉ አነጋገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሜሪካ ሆስፒታሎች የሕመምተኛን ሁኔታ ባጭሩ ሲገልጹ ከተወሰኑ ቃላት አይወጡም፤ እነዚህም «ጉድ»፣ «ፌር»፣ «ሲሪየስ» (ከባድ) እና «ክሪቲካል» (እጅግ አስጊ) ናቸው። «ፌር» የተባለ ሕመምተኛ የልብ ምቱ፣ ትንፋሹ፣ የደም ግፊቱና የሰውነቱ ሙቀት የተረጋጋ፣ ራሱን የሚያውቅ፣ ሆኖም ሕመም ወይም አለመመቸት ሊኖርበት የሚችል ሰው ነው። አስተርጓሚ ይህን «ደህና ነው» ብሎ ሲያልፈው ቤተሰብ ነገ ይወጣል ብሎ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ «መካከለኛ ነው» ሲለው ደግሞ እናት ትደነግጣለች፣ በአማርኛ ስለ ታማሚ እንዲህ ሲባል መጥፎ ወሬ እየተሸፈነ ይመስላታልና። እኔ እንዲህ ባለ ጊዜ ነርሷን በዝርዝር እንድታስረዳ እጠይቃለሁ፤ እርስዎም «ምን ለማለት ነው?» ብለው ለመጠየቅ ፈጽሞ አይፈሩ።

መደናገሩ የሚመጣው፣ በእኔ እምነት፣ የከተማው አማርኛ ቃሉን በአንድ ትርጉሙ ብቻ ስለተዋሰው ነው። አዲስ አበባ «ይሄ ፌር አይደለም» ሲባል አድልዎ አለበት ማለት ነው፣ ሌላ ነገር አይታሰብም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግን ቃሉ በመጀመሪያ «ውብ፣ ደስ የሚያሰኝ» ማለት ነበር። ከዚያ ወደ ጠራ ሰማይ፣ ፈካ ወዳለ የቆዳና የፀጉር ቀለም፣ አድልዎ ወደሌለበት ፍርድ፣ በመጨረሻም «ይበቃል፣ አይከፋም» ወደሚለው ደረጃ ተስፋፋ። ስለ ቆዳ ሲነገር የእኛ «ቀይ» የሚለው አነጋገር በተወሰነ ደረጃ ይቀርበዋል። ይህ ትርጉም ዛሬ ቅሬታ የሚያስነሳ ሲሆን፣ ዩኒሊቨር «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለውን የፊት ክሬሙን እ.ኤ.አ. በ2020 «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» ብሎ የቀየረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከቃሉ ዘመዶች «አንፌር» እና «ፌርነስ» ከፍትሕ ጋር ስለሚሄዱ ብዙም አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው «ፌርሊ» ነው፤ «ፌርሊ ጉድ» ሲባል «በመጠኑ ጥሩ» ማለት ሲሆን፣ ሰውን «ፌርሊ» ማስተናገድ ግን ያለ አድልዎ ማስተናገድ ነው። «ጆብ ፌር» (የሥራ ትርኢት) ላይ የምንሰማው ስም ምንጩ የላቲን የበዓል ቃል በመሆኑ ከዚህ ቅጽል ጋር አይዛመድም፤ የታክሲ ሒሳብ የሚባልበት «ፌር»ም ድምፁ ቢመሳሰልም አጻጻፉና ትውልዱ ሌላ ነው።

ፍትሕ የሚለውን ትርጉም አጥብቀው መያዝ የሚገባዎት ከመንግሥት ቢሮ በሚመጣ ወረቀት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው «ፌር ሃውዚንግ» የተባለው ሕግ አከራይ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ምክንያት ቤት እንዳይከለክልዎ ይጠብቅዎታል። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ወይም የምግብ ድጎማ ሲቋረጥ በሚላከው ደብዳቤ ውስጥ ደግሞ «ፌር ሂሪንግ» የሚል ቃል ይገኛል። ብዙ ወገኖቻችን የጨዋነት ንግግር ይመስላቸውና ደብዳቤውን ያስቀምጡታል፤ እውነቱ ግን ውሳኔውን በቀጥታ ባልወሰነ ሰው ፊት ቀርበው የመከራከር መብትዎ ነው። የጥያቄ ማቅረቢያው ቀነ ገደብ እዚያው ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ መጀመሪያ እርሱን ይፈልጉ። በሜዲኬይድ ረገድ፣ አገልግሎቱ ከሚቋረጥበት ቀን አስቀድመው ካመለከቱ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ ይቀጥልልዎታል፤ ከተፈረደብዎ ግን ወጪውን እንዲመልሱ ሊጠየቁ ይችላሉ። ለችሎቱም አስተርጓሚ በነፃ እንዲመደብልዎ ማመልከቻው ላይ ይጻፉ።