መልስ፦ የኩበት ጭስና የልጅሽ ሳል
እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ቤት ውስጥ ኩበት ስለምናነድ ይሆን የልጄ ሳል አልለቀው ያለው ብለሽ ጠይቀሻል። ሊሆን ይችላል። የቤት ውስጥ ጭስ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በሳንባ ምች የመያዝ ስጋት በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ብርዱን አውቀዋለሁ፤ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ በር ከፍቶ መዋል ቀላል አይደለም። ግን እስቲ ቀና ብለሽ ጣሪያሽን እዪው። ያ ሁሉ ጥላሸት ወደ ልጁም ሳንባ ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማእድ ቤት ለዩ እያሉ የሚወተውቱን ለዚህ ነው። እስከዚያው እባክሽ አዝለሽው እንጀራ አትጋግሪ። እርጥብ ኩበትም አታንድጂ። «ምርጥ» የሚባለው የሲሚንቶ እንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭሱንም ይቀንሳል። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።