መጀመሪያ ከብድሩ፣ ከዚያ ከታይትሉ (ከቤቱ ባለቤትነት)

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ተፋታችሁ ቤቱ እሱ ጋ ሊቀር ነው፤ «ኩዊትክሌም (የቤቱን ድርሻሽን የምትለቂበት ሰነድ) ፈርሚልኝ እንጂ ሞርጌጁን (የቤቱን ብድር) እኔ እከፍላለሁ» ብሎሻል። አትፈርሚ። ማለቴ፣ ገና አትፈርሚ።

እኔ ፈርሜያለሁ። በ2021 እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለነበረው ቤታችን ሽማግሌዎች ተቀመጡና፣ የቀድሞ ባሌ እናት ቤዝመንት ይኖሩ ስለነበር «እሳቸውን ከምታንከራትቺ ተይለት» አሉኝ። ኖታሪ ፊት አሥር ደቂቃም አልፈጀ። ያን ቀን የለቀቅኩት ግን ድርሻዬን እንጂ ዕዳዬን አልነበረም። ዳኛው «ብድሩን እሱ ይክፈል» ቢልም ባንኩ ችሎቱ ላይ አልነበረም፤ ባንኩ የሚያውቀው የሁለታችንን ፊርማ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ታውንሃውስ ልገዛ ስሄድ የብድር ኦፊሰሩ ክሬዲቴን (የብድር አከፋፈል ታሪኬን) አየና ዝም አለ። ከ30 ቀን በላይ የዘገየ ክፍያ፣ ሁለት ጊዜ፣ በስሜ። የፍቺውን ፍርድ ሳሳየው ዕዳውን ከስሌቱ ሊያወጣልኝ ሞከረ፤ የዘገዩት ክፍያዎች ግን ንቅንቅ አላሉም።

የቀድሞ ባሌን «ሪፋይናንስ አድርግና (ብድሩን በስምህ ብቻ በአዲስ ብድር ተካና) አስወጣኝ» አልኩት። እምቢ ያለው ለክፋት አልነበረም። ብድራችን በ3 በመቶ ወለድ የተያዘ ነው፤ በ2023 ገበያው 7ን አልፎ ነበር። 310 ሺህ ዶላር በ30 ዓመት ሲሰላ በ3 በመቶ የወር ክፍያው 1,307 ገደማ ነው፤ በ7 በመቶ 2,062፣ ታክስና ኢንሹራንስ ሳይጨመር። እኔስ ብሆን?

ያወጣን ብድሩ ኤፍኤችኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው) መሆኑ ነው። ኤፍኤችኤና ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች) ብድርን ከሁለቱ አንዱ በነበረው ወለድ ሊረከበው ይችላል፤ አሰምፕሽን ይሉታል። ባንኩ የእሱን ገቢና ክሬዲት ለብቻው መርምሮ ካሳለፈው ወለዱ ሳይነካ አንቺ ትወጫለሽ። ስልክ የሚያነሱት ልጆች ብዙዎቹ ነገሩን አያውቁትም፤ «አሰምፕሽን ክፍል አገናኙኝ» ብለሽ ድርቅ በይ። እኛን ሰባት ወር ፈጅቶብናል። መጨረሻ ላይ «ሪሊስ ኦፍ ላያቢሊቲ» የሚባለውን፣ ከዕዳው ነፃ መሆንሽን የሚገልጸውን ወረቀት ካልሰጡሽ አልወጣሽም። ኮንቬንሽናል (የመንግሥት ዋስትና የሌለው ብድር) ከሆነ ባንኩን ጠይቂው፤ ብዙ ጊዜ ግን ያለው ሪፋይናንስ ወይም መሸጥ ነው።

«ታይትሉ ሲዛወር ባንኩ ብድሩን በሙሉ በአንዴ ይጠይቃል» የሚሉሽን አትስሚ። በፍቺ ለሚኖርበት ባል ወይም ሚስት ሲዛወር ባንኩ እንዲህ እንዳያደርግ የ1982ቱ ጋርን ሴንት ጀርሜን ሕግ ይከለክለዋል። ይህ ግን የሚጠብቀው እሱን ነው፣ አንቺን ከዕዳው አያወጣሽም።

የፍቺ ስምምነቱ ላይ ቀን አስጽፊ፤ በስድስት ወር ውስጥ ስምሽን ከብድሩ ካላስወጣ ቤቱ ይሸጥ። ዲዱን (ኩዊትክሌሙን) ብትፈርሚ እንኳ ጠበቃሽ ይዞት ይቆይና ስምሽ ከብድሩ የወጣ ዕለት ይስጠው። እስከዚያ የሞርጌጁን አካውንት ኦንላይን እየገባሽ እዪ። እኔ ፓስዎርዱን ረስቼ ነው ጉዱን ሳላውቅ የቆየሁት።

ብድራችሁ ኤፍኤችኤ ይሁን ኮንቬንሽናል ቤቱን ስትገዙ ክሎዚንግ (የመጨረሻውን ፊርማ) ያደረጋችሁበት ወረቀት ላይ አለ። አይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የትኛው ስቴት እንደሆንሽም ጨምሪበት።