«ቁርባን» የማን ቃል ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ ከዚራ። በአረፋ ሰሞን ጎረቤታችን ሐጂ በጋቸውን እያሳዩኝ «ይሄ ቁርባናችን ነው» አሉኝ። እኛ ቁርባን የምንለው ሥጋ ወደሙን ነው። ቃሉ የእኛ አይደለም እንዴ? ሌላም አለኝ። ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስዬ ነበር። አሁን እናቴ ታማብኝ ገንዘቡ ለመድኃኒት ተፈለገ። መሥዋዕቴን ባዘገየው ይቀየመኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሐጂ አልተሳሳቱም። የቁርባን ሥሩ «ቀረበ» ነው። ለባጃጅ ሾፌሩ «ቅርብ ነው፣ እዚሁ ጋ» ስትዪው ያንኑ ሥር እየጠራሽ ነው። ዕብራይስጡም ዐረብኛውም የያዙት እነዚህኑ ሦስት ፊደላት ነው፤ ቀ፣ ረ፣ በ። በዘሌዋውያን ለእግዚአብሔር የሚቀርበው ከብትም እህልም ቁርባን ይባላል። ቁርኣንም የአዳም ሁለት ልጆች ያቀረቡትን በዚሁ ስም ይጠራዋል። እኛ ደግሞ ለክርስቶስ ሥጋና ደም አዋልነው። ቃሉ አንድ ነው፣ የሚጠራው ነገር ግን ለየቅል። እሱን እንዳትደባልቂው።

መሥዋዕት ሌላ ሥር አለው። ግእዙ «ሦዐ» ይላል፤ ሠዋ፣ አርዶ አቀረበ ማለት ነው። የሚሠዋበት ቦታ «ምሥዋዕ» ይባላል። (ከ«ሰማዕት» ጋር የሚያዛምዱት አሉ። አይዛመዱም። ሰማዕት ከ«ሰምዐ» የወጣ ነው፣ ምስክር ማለት ነው።) መሥዋዕት ስንል ዐይናችን ቢላዋው ላይ ነው፤ ቁርባን ስንል መቅረቡ ላይ። በቅዳሴ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ በመስቀል አንድ ጊዜ ወደተሠዋው በግ እንቀርባለን። «አስቀድሳለሁ እንጂ አልቆርብም» የሚል ሰው የሚገርመኝ ለዚህ ነው። ደጅ ድረስ መጥቶ አለመቅረብ!

ጥላሽ ስእለት ነው። ሥሩ «ሰአለ»፣ ለመነ ነው። ልመናሽ ሲሰማልሽ የምትሰጪው የምስጋና ስጦታ ነው እንጂ የሚታረድ ነገር የለበትም። ማርቆስ 7ን አንብቢ። ለአባት ለእናታቸው የሚገባውን «ቁርባን ነው» እያሉ የሚያስቀሩ ሰዎች ነበሩ። መቅረቢያውን ቃል ከወላጅ መሸሺያ አደረጉት። ጌታ ገሠጻቸው።

ስለዚህ መድኃኒቱን ግዢ፣ ዛሬውኑ። ስእለቱ ግን አልቀረም፤ መቼ እንደምታደርሺው ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ። ታኅሣሥ 19 ባይሞላልሽ ሐምሌ 19 አለ።